ሉኪሚያ ለምን ያገረሻል? ከሃርዌል አይጦች እስከ ስድስተኛው ክሮሞዞም

የመጀመሪያ ዲግሪዬ በምህንድስና ነው። ስለ መቅኔ ንቅለ ተከላ መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ በጭንቅላቴ የመጣው ሥዕል በጣም ቀላል ነበር፦ ፓምፕ ሲበላሽ ይፈታል፣ አዲስ ይገጠማል፣ በቃ አለቀ። የታመመው መቅኔ በጨረርና በኬሞቴራፒ ይጠፋል፤ ከጤነኛ ሰው የተወሰደ መቅኔ በደም ሥር ይገባል፤ ሰውነት እንደገና ደም ማምረት ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው መለዋወጫ ከዋናው ጋር ፍጹም አንድ ዓይነት የሆነው መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት መለዋወጫ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በመልክም በጂንም አንድ የሆነ መንትያ።

ታሪኩን ሳነብ ግን ሥዕሉ ተገለበጠብኝ። የመንትያን መቅኔ ሰውነት ያለ ምንም ጠብ ይቀበለዋል፤ ሉኪሚያው ግን ከሌላ ለጋሽ ከተወሰደ መቅኔ ይልቅ በብዛት የሚያገረሸው በዚሁ በመንትያው መቅኔ ላይ ነው። ለምን? የዚህ ጥያቄ መልስ ከአይጦች ተነስቶ ክሮሞዞማችን ላይ እስኪደርስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እስቲ መንገዱን አብረን እንሂድበት። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አይጦቹ አስቀድመው ነግረውን ነበር

መጀመሪያ ስለ በሽታው ሁለት ቃል። ደማችን የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። እዚያ የሚኖሩት ስቴም ሴሎች ቀኑን ሙሉ እየተባዙ ቀይና ነጭ የደም ሴሎችን ይወልዳሉ። ከነዚህ አንዱ ሴል በጂኑ ላይ በደረሰ ስህተት ምክንያት ሳይበስል መባዛቱን ከቀጠለና መቅኔውን ከሞላው ሉኪሚያ እንለዋለን። የደም ካንሰር ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የአቶም ቦምብ ካስከተለው ድንጋጤ ጋር፣ ብዙ ሳይንቲስቶች ጨረር በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማጥናት ጀመሩ። ከፍተኛ ጨረር መቅኔን ያጠፋል። ጨረር የተቀበለችን አይጥ የሌላ አይጥ መቅኔ ብትሰጧት ግን ልትድን እንደምትችል ታወቀ። በእንግሊዝ አገር ሃርዌል በምትባል ቦታ ይሠሩ የነበሩት ባርንስ፣ ላውቲትና ባልደረቦቻቸው ታዲያ አንድ ጥያቄ አነሱ፦ ሉኪሚያ ያለባትን አይጥ በጨረር መትተን አዲስ መቅኔ ብንሰጣትስ?

ውጤታቸውን በ1956 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተሙ። ከራሳቸው ዝርያ መቅኔ የተሰጣቸው አይጦች ላይ ሉኪሚያው ተመልሶ መጣና ሞቱ። ከሌላ ዝርያ መቅኔ የተሰጣቸው ላይ ግን ሉኪሚያው አልተመለሰም። እነሱም ቢሆኑ አልዳኑም፤ እየከሱና እየመነመኑ በሌላ ሕመም ሞቱ። ተመራማሪዎቹ ያኔውኑ አንድ ነገር ጠረጠሩ፦ ጨረሩ ሉኪሚያውን ሙሉ በሙሉ አልጨረሰውም፤ የቀረውን የጨረሰው እንግዳው መቅኔ ራሱ ነው፤ አይጦቹን ያመነመናቸውም ያው እንግዳ መቅኔ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የቀሪው ታሪክ ጭብጥ በሙሉ በነዚህ አይጦች ውስጥ አለ። የሚያድነው ልዩነቱ ነው፤ የሚገድለውም ልዩነቱ ነው።

ከአይጥ ወደ ሰው

በ1957 አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ዶናል ቶማስ በኒው ዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን ከተማ ውስጥ ለስድስት ታካሚዎች መቅኔ በደም ሥር መስጠቱን አሳወቀ። ከስድስቱ አንዳቸውም ከመቶ ቀን በላይ አልኖሩም። በ1959 ደግሞ የሉኪሚያ ታካሚዎችን በከፍተኛ ጨረር አክሞ ከመንትዮቻቸው የተወሰደ መቅኔ ሰጣቸው። መቅኔው ያዘ፣ ደም ማምረት ጀመረ፣ ሁሉም ነገር ያማረ መሰለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሉኪሚያው አገረሸ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው "ጨረሩ አንሷል ማለት ነው" ቢል አይፈረድበትም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን የሃርዌል የመጀመሪያዎቹ አይጦች የደረሰባቸውም ይኸው ነበር፦ የራስ ዓይነት መቅኔ፣ ከዚያ ማገርሸት።

መንትያ የሌለው ሰውስ? ለሱ ሌላ ችግር ነበረበት። የሰው ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለየው በምንድን ነው? በ1958 ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ በነጭ የደም ሴሎች ላይ ከሰው ሰው የሚለያይ ምልክት አገኘ። ዛሬ ኤችኤልኤ የምንለው የምልክቶች ቤተሰብ መጀመሪያ ይሄ ነው። ዶሴ በዚህ ሥራ በ1980 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ኤችኤልኤን እንደ መታወቂያ አስቡት። የዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ላይ ዘበኛው መታወቂያ ሳያይ አያስገባም አይደል? በሰውነታችን ውስጥ ዘበኞቹ ቲ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እያንዳንዱ ሴል በላዩ ላይ የኤችኤልኤ መታወቂያውን ይዞ ይቆማል፤ በመታወቂያው ላይም በውስጡ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ቁራጭ ቁራጭ አድርጎ ያሳያል። ዘበኛው ያያል፤ የማያውቀው ነገር ካየ ይገድላል።

የዚህን መታወቂያ ጂኖች የያዘው የስድስተኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ነው። አንዱን ቅጂ ከአባታችሁ፣ አንዱን ከእናታችሁ ወርሳችኋል። ስለዚህ ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እህት ከናንተ ጋር ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እናትና አባት ደግሞ ሁልጊዜ ግማሽ ይገጥማሉ።

ጥፋተኛውን ክፍል ስናወጣው

ቶማስ በ1960ዎቹ ወደ ሲያትል ሄደ። እዚያ የገነባው ቡድን ኤችኤልኤው የሚገጥም ወንድም ወይም እህት እየመረጠ ዓመት በዓመት ሥራውን አሻሻለ። ቢሆንም ኤችኤልኤው እየገጠመም እንኳ በብዙ ታካሚዎች ላይ አዲሱ መቅኔ ባለቤቱን መውጋቱ አልቀረም። ከለጋሹ መቅኔ ጋር የገቡት ቲ ሴሎች የታካሚውን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት እንደ ባዕድ ያዩታል። ኤችኤልኤ ትልቁ ልዩነት ይሁን እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ በወንድማማቾች መካከል በሌሎች ብዙ ጂኖች ላይ ትናንሽ ልዩነቶች አሉ።

በ1979 የሲያትሉ ቡድን አንድ የሚያስገርም ነገር አሳተመ። መቅኔው የወጋቸው ታካሚዎች ላይ ሉኪሚያው የሚያገረሸው ካልወጋቸው በጣም ባነሰ መጠን ነበር። አይጦቹ ያሉት በሰው ላይ ታየ።

ቀጥሎ የመጣው ለኔ እንደ ኢንጂነር ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ክፍል ነው። በ1980ዎቹ ሐኪሞች "ጉዳቱን የሚያደርሱት ቲ ሴሎቹ ከሆኑ ለምን አናወጣቸውም?" አሉ። ሐሳቡ ንጹህ ነው፤ ችግር የሚፈጥረውን ክፍል ፈልገህ አውጣ። አወጡት። የተፈራው ጉዳት በእርግጥም ቀነሰ። ነገር ግን ሉኪሚያው በተለይም ሥር የሰደደው ዓይነት በብዛት ማገርሸት ጀመረ። ለካ ጥፋተኛ ብለው ያወጡት ክፍል መድኃኒቱ ነበር!

በ1990 የ2,254 ታካሚዎች መረጃ ተሰብስቦ ሲተነተን ሥዕሉ ቁልጭ አለ። መቅኔው የወጋቸው ሰዎች ላይ ሉኪሚያው ከሁሉም ያነሰ ያገረሻል፤ ቲ ሴል የወጣለት መቅኔ በተሰጣቸውና ከመንትያቸው መቅኔ በወሰዱት ላይ ደግሞ ይበዛል። በዚያው ዓመት በጀርመን ሙኒክ ሃንስ-ዮኸም ኮልብና ባልደረቦቹ ሉኪሚያ ላገረሸባቸው ሦስት ታካሚዎች ከቀድሞ ለጋሾቻቸው የተወሰዱ ነጭ የደም ሴሎችን ሰጧቸው። ከኢንተርፌሮን መድኃኒት በቀር ሌላ ኬሞቴራፒም ጨረርም አልተጨመረም። ሉኪሚያው ጠፋ። ቶማስም በዚያው በ1990 የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

እንግዲህ የኔ የፓምፕ ሥዕል የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። ንቅለ ተከላ ዕቃ መቀየር ብቻ አይደለም። አዲስ ጥበቃ መቅጠር ነው። ጨረሩና ኬሞቴራፒው አብዛኛውን ሉኪሚያ ይጠርጋሉ፤ የተደበቀውን ቀሪ ግን ለዓመታት እየፈለገ የሚገድለው ከለጋሹ የመጣው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ደግሞ ሊያየው የሚችለው ልዩነት ካለ ብቻ ነው። የመንትያ ዘበኛ ከሉኪሚያው ጋር አንድ መታወቂያ ስለያዘ እንደ ዘመድ ቆጥሮ ያሳልፈዋል።

ሚላን 2009፦ መታወቂያው የጠፋበት ሉኪሚያ

ታዲያ የሚታይ ልዩነት እያለ፣ ዘበኛውም በሥራ ላይ እያለ ሉኪሚያው የሚያገረሽባቸው ሰዎች ነበሩ። እነሱስ ምን ሆኑ?

በጣሊያን ሚላን ከተማ የሳን ራፋኤሌ ተመራማሪዎች፣ ሉካ ቫጎና ካታሪና ፍላይሽሃወር ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ግማሽ ብቻ ከሚገጥም የቤተሰብ ለጋሽ መቅኔ የወሰዱ ታካሚዎችን ይከታተሉ ነበር። እዚህ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የኤችኤልኤው አንድ ቅጂ በሙሉ ለለጋሹ ዘበኛ ባዕድ ነው። ሉኪሚያ ሲያገረሽ ግን ሁለት ምርመራዎች ተጋጩ። አንደኛው ምርመራ "ይህ ሴል የታካሚው ነው" ይላል። ኤችኤልኤውን የሚያየው ምርመራ ደግሞ "የታካሚው ብቻ የሆነው መታወቂያ እዚህ የለም" ይላል።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። በ2009 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን እንዳሳተሙት፣ ካገረሸባቸው 17 ታካሚዎች በ5ቱ ላይ የሉኪሚያው ሴሎች ከለጋሹ የሚለያቸውን የኤችኤልኤ ቅጂ ጥለውት ተገኙ። አጣጣላቸው ነው የሚደንቀው። የስድስተኛውን ክሮሞዞም አንድ ቁራጭ ጥለው ባዶ አልተዉትም፤ በቦታው የሌላኛውን ቅጂ፣ ማለትም ከለጋሹ ጋር የሚገጥመውን፣ ደግመው አስገቡበት። አንድን ገጽ ቀድዶ በቦታው የሌላውን ገጽ ፎቶ ኮፒ እንደ መለጠፍ ነው። የገጹ ቁጥር አልጎደለም፤ ክሮሞዞሙን በማይክሮስኮፕ ብታዩት ሙሉ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅመዋል? በሰውነታችን ውስጥ ሌላ ዓይነት ዘበኛም አለ፤ ኤንኬ ሴል ይባላል። የሱ ሥራ መታወቂያ የሌለውን መግደል ነው፤ ይህን ሐሳብ ስዊድናዊው ክላስ ካሬ በ1980ዎቹ አቅርቦታል። ሉኪሚያው መታወቂያውን ዝም ብሎ ቢጥለው ኖሮ ከቲ ሴል አምልጦ በኤንኬ ሴል እጅ ሊወድቅ ይችል ነበር። በተባዛው ቅጂ ግን መታወቂያ አለው፤ መታወቂያውም የለጋሹ ዓይነት ነው። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። ሉኪሚያ አያስብም፣ አያቅድም። በታካሚው ሰውነት ውስጥ ቢሊዮኖች የሉኪሚያ ሴሎች ነበሩ፤ ሲባዙ በአጋጣሚ የተለያየ የመቅዳት ስህተት ይሠራሉ። ከነሱ አንዱ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ተሳሳተ። በሌላ ጊዜ ይህ ስህተት ለሴሉ ምንም ትርፍ የለውም። የለጋሹ ዘበኛ ሌሎቹን ሁሉ ሲገድል ግን ያ አንዱ ቀረ፤ ከሱም አዲሱ ሉኪሚያ ተወለደ። በትምህርት ቤት የተማርነው የዳርዊን ተፈጥሯዊ ምርጫ በአንድ ሰው መቅኔ ውስጥ፣ በወራት ውስጥ ሲካሄድ ማለት ነው። መድኃኒቱ በበረታ ቁጥር ምርጫውም ይበረታል።

መቅደድ ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም አለ

በ2018 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አገኙ። ከንቅለ ተከላ በኋላ ያገረሸ ሉኪሚያን ጂን ከመጀመሪያው ጋር አነጻጸሩ። የመከላከያ ጂኖቹ ላይ የተቀደደ ነገር የሚያገኙ መስሏቸው ነበር፤ ብዙም አላገኙም። ጂኖቹ አሉ፣ ግን አይሠሩም። ሁለተኛው የኤችኤልኤ ዓይነት የሚባሉት መታወቂያዎች መብራት እንደጠፋበት ክፍል ጸጥ ብለዋል። ከመረመሯቸው 34 ታካሚዎች በ17ቱ ላይ መታወቂያው ቀንሶ ተገኘ።

ይሄ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። የተቀደደ ገጽ አይመለስም፤ የጠፋ መብራት ግን ይበራል። በላቦራቶሪ ውስጥ ሴሎቹን ኢንተርፌሮን ጋማ በሚባል ንጥረ ነገር ሲነኳቸው መታወቂያው ተመልሶ ታየ።

በእርግጥ ማገርሸት ሁሉ ከዘበኛ የማምለጥ ታሪክ አይደለም። ሉኪሚያው ከመጀመሪያው ይዞት የመጣው ጂንም ወሳኝ ነው። ኤፍኤልቲ3 የሚባለው ጂን በተወሰነ መንገድ ሲበላሽ ሴሉን "ተባዛ" የሚለው ማብሪያ ማጥፊያ በርቶ ይቀራል። ቲፒ53 ሲበላሽ ደግሞ የተጎዳን ሴል የሚያስቆመው ፍሬን ይጠፋል። እንዲህ ዓይነት ሉኪሚያ በፍጥነት ስለሚያድግ አዲሱ ዘበኛ በቂ ጊዜ አያገኝም። ለኤፍኤልቲ3 ግን ማብሪያውን የሚዘጉ መድኃኒቶች አሉ፤ ከንቅለ ተከላ በኋላ ሶራፌኒብ የተባለውን መስጠት ማገርሸትን እንደሚቀንስ በጀርመንና በኦስትሪያ ተካሂዶ በ2020 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ይህ ለማን ይጠቅማል?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ታካሚ ከአባቷ የወረሰችውን ኤችኤልኤ "ሀ"፣ ከእናቷ የወረሰችውን "ለ" እንበል። መቅኔ የሰጠቻት እናቷ ናት። ስለዚህ የእናትየው ዘበኞች "ለ"ን ያውቁታል፤ "ሀ" ግን ባዕድ ነው፤ ሉኪሚያውን የሚያድኑትም በዋናነት በ"ሀ" ነው። አንድ ቀን ሉኪሚያው አገረሸ።

የቆየው ልማድ "ከእናትየው ተጨማሪ ነጭ የደም ሴል እንስጣት" ነው፤ ኮልብ በ1990 እንዳደረገው። ሉኪሚያው "ሀ"ን ጥሎ "ለ" እና "ለ" ሆኖ ከሆነ ግን የእናትየው ዘበኞች ዋና ዒላማቸውን አያገኙም። ከዚህ የከፋው ደግሞ የልጅቷ ቆዳና አንጀት አሁንም "ሀ"ን ይዘዋል። ስለዚህ የሚሰጧት ሴሎች ሉኪሚያውን ሳይነኩ እሷን ሊወጉ ይችላሉ። መፍትሔው ሌላ ለጋሽ ነው። ለምሳሌ አባቷ "ለ" ከሌለው ለሱ ዘበኞች አዲሱ ሉኪሚያ ከላይ እስከ ታች ባዕድ ነው። ሁለተኛ ንቅለ ተከላ ከባድ ነው፣ ውጤቱም ዋስትና የለውም። ግን ቢያንስ ዘበኛው የሚያየው ነገር አለው።

አያችሁ? "አገረሸ" የሚለው ቃል አንድ ነው፤ ሕክምናው ግን ሁለት። የሚለያቸው አንድ የጂን ምርመራ ነው። የሚላኑ ቡድን በኋላ ባደረገው ሰፋ ያለ ጥናት፣ ከግማሽ ገጣሚ ለጋሽ በኋላ ካገረሹት ከሦስት አንድ ገደማው በዚህ መንገድ ያመለጡ ነበሩ። ስለዚህ ምርመራው ትርፍ ነገር አይደለም።

ግማሽ የሚገጥም ለጋሽ ላይ የሚደገፉትስ እነማን ናቸው? ሙሉ የሚገጥም ያጡ ሰዎች ናቸው። በ2014 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው በአሜሪካ ብሔራዊ የለጋሾች መዝገብ ሙሉ ገጣሚ የማግኘት ዕድል የአውሮፓ ዝርያ ላላቸው ነጮች 75 በመቶ፣ ለአፍሪካ አሜሪካውያን ግን 19 በመቶ ገደማ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ የአፍሪካ ሕዝቦች የጂን ልዩነት ከሌላው ዓለም የሰፋ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ያሉት ለጋሾች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ኤችኤልኤ የትውልድ ሐረግን ስለሚከተል፣ አሜሪካም ይኑር እስራኤል፣ ኢትዮጵያዊ ዝርያ ያለው ታካሚ ከቤተሰቡ ውጪ ገጣሚ ካገኘ የሚያገኘው በአብዛኛው ከራሱ ወገን ነው። ካላገኘ የሚቀረው የእናት፣ የአባት፣ የወንድም ወይም የእህት ግማሽ ነው። በሚላን የተገኘው ማምለጫ በብዛት የሚታየው ደግሞ እዚሁ ላይ ነው።

የውጭ አገር መዝገብ ውስጥ መመዝገብ የምትችሉ ወጣቶች ካላችሁ፣ የሚጠየቀው መጀመሪያ ላይ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ነው። ያ ናሙና የሚያነበው የስድስተኛውን ክሮሞዞማችሁን አጭር ክንድ ነው።

እኔ ደግሞ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ትምህርት ለሙያዬም ሆኗል። አንድ ክፍል ችግር ሲፈጥር ከማውጣቴ በፊት "ሌላስ ምን ይሠራ ነበር?" ብዬ እጠይቃለሁ። በ1956 አይጦቹ ልዩነት እንደሚያድን አሳዩን። በ2009 ራሱ ሉኪሚያው ያንኑ ደግሞ መሰከረ፤ ልዩነቱ ባያድን ኖሮ ልዩነቱን የጣለው ሴል ባልተረፈ ነበር።